በግሪን ካርድ አሜሪካ ለሚገባ ሰው፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቋሚ ሥራና የራስ ኪራይ ቤት በቅደም ተከተል

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ በኩል የኢሚግራንት ቪዛ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው የመሥራት መብቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጁ ነው። ሆኖም ብዙዎች «ካርዱ ይምጣልኝ» እያሉ ሁለትና ሦስት ወር ቤት ይቀመጣሉ። ሌሎች ደግሞ በገቡ በሳምንቱ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሥራ ይይዛሉ፤ ዓመት ካለፈ በኋላ ቤት ለመከራየት ወይም የትዳር ጓደኛ ለማምጣት ሲነሱ ግን ሠርተው ስለመኖራቸው የሚያሳዩት አንድ ወረቀት አይኖራቸውም። ሁለቱም ለፍተዋል፤ የሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው።

የዚህ መመሪያ ዋና ምክር አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ከፍተኛ ገንዘብ የሚያስገኘውን ሥራ ሳይሆን ወረቀት የሚያስገኘውን ሥራ ይያዙ። ገንዘቡ ከወረቀቱ ተከትሎ ይመጣል። ወረቀት የሌለው ገንዘብ ግን ወደኋላ ተመልሶ ወረቀት ሊሆንልዎ አይችልም።

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተወሰዱ ናቸው። ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ሚኒያፖሊስ ለሚያርፍ ሰውም የፌዴራሉ ሕግ ያው ነው፤ የየስቴቱን ደንብ ብቻ ያጣሩ። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ የገባና ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ሕጉ የተለየ ስለሆነ ይህን እንዳይከተል።

ደረጃ 1፦ ከአገር ሳይወጡ የሚያልቁ ጉዳዮች

የትምህርት ማስረጃ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ዘግተው ዋናውን ዲግሪ ይውሰዱ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ይህን ለመጨረስ ከኤምባሲ ውክልና መላክና ዘመድ በሬጅስትራር በር ላይ ማሰለፍ ግድ ይሆናል። በአሜሪካ ማስረጃ የሚመዝኑ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በእጅዎ ያለውን ትራንስክሪፕት አይቀበሉም፤ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሬጅስትራሩ ወደ ውጭ አገር የሚልክበትን መንገድና ክፍያውን ጠይቀው ይጻፉ፤ ለሚያምኑት ሰውም ውክልና ሰጥተው ይሂዱ።

ቀን። ማስረጃዎ ላይ ያለው ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አንድ በአንድ ይመልከቱ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ያንኑ ቁጥር በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ላይ ቢያሰፍር አሠሪው በ2008 እ.ኤ.አ. እንደተመረቀ ይገነዘባል፤ ከልደት ቀኑ ጋር ሲነጻጸርም ታሪኩ አይገጥምም። የሁሉንም ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ቀይረው በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከዚያ ገጽ ይገልብጡ።

ስም። አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ፓስፖርትዎ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፤ ዲግሪዎ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የራስዎና የአባትዎ ስም ብቻ ነው ያለው። በላቲን ፊደል ያለው አጻጻፍም ከወረቀት ወረቀት ይለያያል። ሕጉ ቀላል ነው፦ በአሜሪካ ምድር የሚሞሉት ማንኛውም ቅጽ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱና እንደ ቪዛው ይሁን። ለዲግሪው ደግሞ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ለማግኘት ይሞክሩ።

ልጆች ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ የልጅዎ የቤተሰብ ስም የአባቱ አባት ስም ነው፤ የአባትየው የቤተሰብ ስም የራሱ አያት ስም ነው፤ የእናትየው ደግሞ ከሁለቱም ሌላ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ያየ የትምህርት ቤት ጸሐፊ «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

የካርድ ክፍያ። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ከመሳፈርዎ በፊት የዩኤስሲአይኤስን (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት) የኢሚግራንት ክፍያ በድረ ገጹ ይክፈሉ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 235 ዶላር ነው። ይህ ካልተከፈለ ግሪን ካርዱ አይታተምም። «ካርዴ ቀረ» ብለው ከሚጨነቁት መካከል ይህን ያልከፈሉ ብዙ ናቸው።

ከዚህ በተጨማሪ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችን በእንግሊዝኛ ያስጽፉ፤ የክትባት ካርድ ይያዙ። ጥርስዎን ይታከሙ፣ መነጽርም ያሠሩ፤ አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ከተራው የጤና መድን ተለይቶ የሚታይና ውድ ነው።

ደረጃ 2፦ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ

የታሸገ ፖስታ ከተሰጠዎ አይክፈቱት፤ ለኢሚግሬሽን መኮንኑ እንደታሸገ ያስረክቡ። መኮንኑ ፓስፖርትዎ ላይ ማኅተም ሲመታ ከመስኮቱ ሳይርቁ ይመልከቱት። የቪዛው ገጽ ከመግቢያ ማኅተሙ ጋር ተደምሮ ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ይህም በቪዛው ላይ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ማኅተሙ ያልታየ ወይም ቀኑ የማይነበብ ከሆነ እዚያው እንዲስተካከል በትሕትና ይጠይቁ። ከዚያ ሁለቱንም ገጾች ፎቶ አንስተው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሀ. በፖስታ ሳጥኑ ላይ ስምዎን ይለጥፉ። በዘመድ ቤት ለሚያርፍ ሰው ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ግሪን ካርዱም፣ ለሥራ፣ ለግብርና ለጡረታ የሚያገለግል መለያ ቁጥር ያለበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም፣ የባንክ ካርዱም የሚመጡት በፖስታ ነው። ፖስተኛው በሳጥኑ ላይ የማያውቀው ስም ሲያይ ደብዳቤውን ወደ ላኪው ሊመልሰው ይችላል። በትንሽ ወረቀት የሁሉንም ሰው ሙሉ ስም ጽፈው በሳጥኑ በር ውስጠኛ ክፍል ይለጥፉ፤ የቤቱ ባለቤትም ለፖስተኛው እንዲነግር ያድርጉ።

ቤት ከቀየሩ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኤስሲአይኤስ በድረ ገጹ ማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም።

ለ. ሶሻል ሴኩሪቲ። የቪዛ ማመልከቻ ሲሞሉ ካርዱ እንዲሰጥዎ ጠይቀው ከሆነ በ3 ሳምንት አካባቢ በፖስታ ይመጣል። ካልጠየቁ ወይም ካልመጣ ፓስፖርትዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂዱ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ «በ100 ዶላር አፋጥንልሃለሁ» ለሚል ሰው አይክፈሉ። ካርዱ ሲደርስ ቁጥሩን በቃልዎ ይያዙና ካርዱን ቤት ያስቀምጡ። በቦርሳ ይዞ መዞር፣ ፎቶውንም በስልክ መልእክት ለማንም መላክ ክልክል እንደሆነ ይቁጠሩት።

ሐ. ባንክ። አንዳንድ ባንኮች ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በፓስፖርት ብቻ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ሌሎች አይከፍቱም። አንዱ «አይሆንም» ካለ ወደ ሌላው ይሂዱ። ሒሳቡ ሲከፈት ወርሃዊ መግለጫው በወረቀት በፖስታ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። አድራሻዎ የታተመበት ያ ወረቀት በሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 4፦ የስቴት መታወቂያ

መንጃ ፈቃድና የስቴት መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ (ዲ ኤም ቪ) የሚጠይቀው ማንነትን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርንና የመኖሪያ አድራሻን የሚያረጋግጡ ሰነዶችን ነው። አዲስ ገቢዎች የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ነው፤ የኪራይ ውልም የመብራት ቢልም በዘመድ ስም ነውና። የባንኩን መግለጫና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረሰዎትን ደብዳቤ ከነፖስታው ያስቀምጡ። ስቴቱ የሚቀበላቸው ሰነዶች ዝርዝር በድረ ገጹ አለ፤ ከመሄድዎ በፊት ያትሙትና በያንዳንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ። በዲ ኤም ቪ ማሽኑ ወይም ሠራተኛዋ «ለምርጫ ልመዝግብዎ?» ብለው ይጠይቁዎታል። መልስዎ «አይ» ነው። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም፣ ሳያውቁና በችኮላ እንኳ ቢሆን፣ ግሪን ካርድ ሊያሳጣና ወደፊት ዜግነት ሊያስከለክል የሚችል ከባድ ጉዳይ ነው። ያልገባዎትን ጥያቄ «አዎ» ብለው አይለፉት፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በስህተት ተመዝግበው ከሆነ ማንኛውንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ሥራ መምረጥ

ሥራ ሲቀርብልዎ ከሰዓት ክፍያው በፊት ይህን ይጠይቁ፦ «ደመወዝ የሚከፈለኝ በደብልዩ ቱ ነው ወይስ በ1099?»

በደብልዩ ቱ የሚቀጠር ሰው ተቀጣሪ ነው። አሠሪው ግብሩን እየቀነሰ ያስገባለታል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነ የመንግሥት የጤና መድን) 7.65 በመቶ ከሠራተኛው ይቀነሳል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ከራሱ ይጨምራል። በ1099 የሚሠራ ሰው ግን በሕግ ዓይን የግል ነጋዴ ነው፦ ሁለቱንም ድርሻ፣ ማለትም 15.3 በመቶውን ከነገቢ ግብሩ ራሱ ይከፍላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሆነ የሥራ አጥነት መድን አይኖረውም። በሰዓት 20 ዶላር በ1099፣ በሰዓት 18 ዶላር በደብልዩ ቱ ከቀረበልዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ሥራ ደግሞ የሚያጓጓው ምንም አለመቀነሱ ነው። እስቲ እናስላው። በሳምንት 50 ሰዓት በ16 ዶላር በጥሬ ገንዘብ 800 ዶላር ነው። በሕጋዊ ቅጥር የሚሠራ ተራ የሰዓት ሠራተኛ ግን ከ40 ሰዓት በላይ ያለው በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ 640 ሲደመር 240፣ ማለትም ግብር ሳይነሳለት 880 ዶላር ያገኛል። በዚያ ላይ የደመወዝ ወረቀት ይይዛል፣ የጡረታ ነጥብ ይቆጠርለታል፣ በሥራ ላይ ቢጎዳ የሚጠይቀው አለ። ባል ወይም ሚስት ለማምጣት የሚሞላው የዋስትና ቅጽም የግብር ወረቀት ይጠይቃል፤ ገቢው በቤተሰቡ ቁጥር ከሚሰላው የፌዴራል የድህነት መለኪያ 125 በመቶ ማነስ የለበትም። በኪስ የገባ ጥሬ ገንዘብ እዚያ ቅጽ ላይ የሚሞላ ነገር የለውም።

ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ይወቁ። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው፤ ስቴቶች ግን ከዚያ በላይ ይወስናሉ። ሜሪላንድ 15 ዶላር፣ ዋሽንግተን ዲሲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር፣ ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ዶላር ነው። የሚሠሩበት ቦታ እንጂ የሚኖሩበት ቦታ አይደለም የሚወስነው። ስለዚህ ቨርጂኒያ ኖሮ ዲሲ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው የዲሲውን ነው።

የት ይጀመር? የመኪና ማቆሚያ፣ የሆቴል ክፍል ጽዳትና የመጋዘን ሥራ ቶሎ ይገኛሉ። የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመግቢያ ባጁ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ስላለው ሊዘገይ ይችላል። አመልክተው ሌላ ሥራ እየሠሩ ይጠብቁት።

ለነርስ ረዳትነት የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብዙ ስቴቶች ደግሞ ይጨምሩበታል። ለሥልጠናው ከኪስዎ ከመክፈልዎ በፊት የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማትን ይጠይቁ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነ የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል የነርሲንግ ተቋም ለቀጠረው ወይም የቅጥር ቃል ለሰጠው ሰው ሥልጠናውን ማስከፈል አይፈቀድለትም። በራስዎ ከፍለው ሠልጥነው በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ባለ ተቋም ከተቀጠሩም ወጪዎን ደረጃ በደረጃ የማስመለስ መብት አለዎት። ይህን የማያውቁ ብዙ እህቶች ተበድረው ከፍለዋል።

አይክፈሉ። ሥራ ለማስገባት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ ቼክ ልኮልዎ «ከፊሉን ወደዚህ አስተላልፍ» የሚል አሠሪ፣ ሳያነጋግርዎ በስልክ መልእክት የቀጠረዎ ድርጅት ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ቼኩ በባንክዎ የገባ መስሎ ይታይና ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ዕዳው በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ

ከአገር ቤት ያመጡትን የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ እንዳለ አይላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና የፓስፖርት ቁጥር ይውጡ። ከየሥራው ሥር «ኃላፊነት ነበረብኝ» ከማለት ይልቅ የሠሩትን ይጻፉ፦ በቀን ስንት ደንበኛ አስተናገዱ? ስንት ሰው መሩ? የትኛውን ማሽን ወይም ፕሮግራም ተጠቀሙ? ለጉልበት ሥራ ሲያመለክቱ ማስተርስ ዲግሪን ከላይ መደርደር አሠሪውን «ይሄ ሰው ወር አይቆይም» ያሰኘዋል፤ ከታች በአጭሩ ይስፈር።

በየአካባቢው ያሉት የአሜሪካ የሥራ ማዕከላት ጽሑፉን በነፃ ያርሙልዎታል፤ ቃለ መጠይቅም ያለማምዱዎታል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በነፃ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ክፍልም አላቸው። አርሊንግተን ያለው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችንና አዲስ ገቢዎችን ሲያግዝ የኖረ ነው፤ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥዎ ደውለው ይጠይቁ።

በቃለ መጠይቁ ላይ እኛን የሚጥሉን ከእንግሊዝኛችን ይልቅ ልማዶቻችን ናቸው። አራቱን ልብ ይበሉ።

1. ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለትን ይተዉ። ጠያቂው የደነገጡ ወይም የታመሙ ይመስለዋል እንጂ መስማማትዎን አያውቅም። «የስ» ብለው በድምፅ ይመልሱ።
2. ዓይን ሰብሮ መቀመጥ ለእኛ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን መደበቅ ይመስላል። ሲናገሩ ጠያቂውን ይዩት።
3. ስለ ራስዎ ሲጠየቁ «ሌሎች ይመስክሩ» ብለው አይሸሹ። የሠሩትን ሥራ በአንድ ምሳሌ ይናገሩ፦ ምን ችግር ነበር፣ ምን አደረጉ፣ ምን ውጤት መጣ።
4. ያልገባዎትን ጥያቄ በፈገግታ አይለፉ። እንዲደግመው ይጠይቁ። ደግሞ መጠየቅ አያስጥልም፤ ያልተጠየቀውን መመለስ ግን ያስጥላል።

በሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። በ20 ማመልከቻ አንድም ጥሪ ካላገኙ ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው፤ ለሥራ ማዕከሉ አሳይተው ያስተካክሉት። ጥሪ እየመጣ ቅጥር ከቀረ ደግሞ ችግሩ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለሆነ ልምምዱን ይጨምሩ።

ደረጃ 7፦ የቅጥር ቀን ወረቀቶች

አይ ናይን። የመሥራት መብት ማረጋገጫ ቅጽ ነው። የእርስዎ ክፍል እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን ይሞላል፤ አሠሪው ደግሞ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነድ አይቶ የራሱን ክፍል ይሞላል። ቅጹ አራት ሳጥኖች አሉት። የመጀመሪያው «የአሜሪካ ዜጋ»፣ ሦስተኛው «ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ» ነው። የእርስዎ ሦስተኛው ነው። በችኮላ የመጀመሪያውን ምልክት ማድረግ በደረጃ 4 ላይ ያነበቡትን አደጋ ያመጣል። ቅጹን የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ሞልታ «እዚህ ፈርም» ብትልዎ እንኳ ሳጥኑን ራስዎ ሳያዩ አይፈርሙ።

«ግሪን ካርድህን ካላመጣህ» ቢሉዎስ? የትኛውን ሰነድ እንደሚያሳዩ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። ማኅተም ያለበት የኢሚግራንት ቪዛ ከነፓስፖርቱ ብቻውን ይበቃል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለመድረሱም ሥራ መጀመርን አይከለክልም። አሠሪው በኮምፒውተር የሚያጣራ ከሆነ ቁጥሩ እስኪደርስ ማጣራቱን አቆይቶ ያሠራዎታል። ይህን በትሕትና ያስረዱ፤ ካልተቀበሉ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለሠራተኞች ባዘጋጀው መስመር 1-800-255-7688 ይደውሉ። ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

የግብር ተቀናሽ ቅጹ ደብልዩ ፎር ይባላል። ያላገቡና አንድ ሥራ ብቻ ያለዎት ከሆነ ቀላል ነው። ሁለት ሥራ ካለዎት ወይም የትዳር ጓደኛዎም የሚሠሩ ከሆነ ሁለተኛውን ክፍል ሳይሞሉ አይለፉ፤ አለዚያ ዓመቱ ሲያልቅ ዕዳ ይመጣል። ደመወዝ በቀጥታ ወደ ባንክ እንዲገባ ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ሥራውን መያዝ

የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት አብዛኛውን ጊዜ የሙከራ ጊዜ ናቸው። ብዙ ሰው የሚባረረው በሥራ ጥራት ሳይሆን በሰዓት ነው።

የሥራ ሰሌዳው «6፡00 ኤኤም» ካለ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። «12፡00 ኤኤም» ደግሞ እኩለ ሌሊት ነው፤ ቀኑም የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። «ሰኞ 12፡00 ኤኤም» የተባለ ሰው ከቤቱ መውጣት ያለበት እሑድ ማታ ነው። ሰሌዳውን ሲቀበሉ ለአለቃዎ በራስዎ አንደበት ደግመው ያረጋግጡ። ቀን ሲጻፍም ወሩ ይቀድማል፦ 05/09 ማለት ሜይ 9 እንጂ ሴፕቴምበር 5 አይደለም።

ካመመዎት ፈረቃዎ ከመጀመሩ በፊት ይደውሉ፤ የደወሉበትን ሰዓትና ያናገሩትን ሰው ይጻፉ። ሳይደውሉ መቅረት በብዙ ቦታ አንድ ጊዜም ቢሆን ያስባርራል፤ ለቅሶም ቢሆን አስቀድሞ ይነገራል። ሥራ ሲለቁ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ቀጣዩ አሠሪ ለቀድሞው መደወሉ አይቀርም።

የደመወዝ ወረቀትዎን በየጊዜው ይመርምሩ፦ የሰዓቱ ድምር ከራስዎ ማስታወሻ ጋር ይገጥማል? ትርፍ ሰዓቱ በአንድ ተኩል ታስቧል? ካልገጠመ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካልተስተካከለ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል ቁጥር 1-866-487-9243 ነው። የሠሩበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ በእጅ የተጻፈ ደብተር እንደ ማስረጃ ይቀርባል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጻፉ።

አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ይጠብቃል። ይህን ከመሄድዎ በፊት ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል፦ «ቤት እስክይዝ ይህን ያህል ወር አልልክም፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ።» ሰው የሚያዝነው ባልተነገረው ነገር ነው። የኪራይ መያዣውን ልከው ከዘመድ ቤት ሳይወጡ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ አስተናጋጁም ይቸገራል፣ ዝምድናውም ይሻክራል።

ደረጃ 9፦ ብድር ታሪክና ኪራይ ቤት

የብድር ታሪክ የሚጀምረው ከባዶ ነው። ከባንክዎ በተቀማጭ የሚሰጥ የክሬዲት ካርድ ይውሰዱ፤ ተቀማጩ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር ይጀምራል። በየወሩ ከገደቡ ከ30 በመቶ በታች ይጠቀሙ፤ ቢሉ ሲመጣ ሙሉውን በቀኑ ይክፈሉ። የብድር ነጥብ (ክሬዲት ስኮር) እንዲወጣልዎ 6 ወር ያህል ይፈልጋል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ወር እንጂ በሁለተኛው ዓመት የማይጀመረው። ለወዳጅ የመኪና ብድር ዋስ ሆነው አይፈርሙ፤ እሱ ካልከፈለ ዕዳው ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው።

አከራይ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የወር ገቢዎ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችም ያያሉ። ያ እስኪሟላ ከሰው ጋር ክፍል መጋራት ይቻላል፤ ከአገር ልጅ ጋር ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፦ ኪራዩ፣ ቢሉ እንዴት እንደሚካፈል፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን እንደሚሰጥ። ክፍያውን በባንክ ወይም በቼክ ያድርጉ። የመያዣ ገንዘብ ሕጋዊ ጣሪያ በዲሲ የ1 ወር፣ በሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ውሎች የ1 ወር፣ በቨርጂኒያ የ2 ወር ኪራይ ነው። በገቡበት ቀን የግድግዳውን፣ የምንጣፉንና የምድጃውን ጉዳት በቪዲዮ ቀርጸው ለአከራዩ በኢሜይል ይላኩ፤ መያዣውን የሚያስመልስልዎ ያ ነው።

ደረጃ 10፦ የጤና መድንና ግብር

አሜሪካ ከገቡበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን በመንግሥት የጤና መድን ገበያ (ማርኬትፕሌስ) በልዩ ጊዜ መመዝገብ ይቻላል። ቀኑ ካለፈ እስከ ዓመታዊው ምዝገባ ይጠብቃሉ። አዋቂ የግሪን ካርድ ባለቤት ለሜዲኬይድ በአጠቃላይ 5 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ግን ብዙ ስቴቶች ቀድመው ስለሚፈቅዱ ይጠይቁ። መድን ከሌለዎ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ለጉንፋን ወደ ድንገተኛ ክፍል አይሂዱ።

ደብልዩ ቱ ወረቀቱን አሠሪው እስከ ጃንዋሪ 31 ይሰጣል፤ ግብር የሚታወጀው እስከ ኤፕሪል 15 ነው። በ1099 የተጣራ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ማወጅ አለበት። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቪታ በሚባለው ፕሮግራም የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በቤተ መጻሕፍትና በማኅበረሰብ ማዕከላት በነፃ ይሞላሉ። «ብዙ ተመላሽ አመጣልሃለሁ» ብሎ የሌለ ልጅ ወይም የሌለ ንግድ የሚያስገባ አዘጋጅ ዘንድ አይሂዱ፤ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፣ የሚጠየቁትም እርስዎ። የየዓመቱን ግልባጭ ቀደም ሲል ካስቀመጧቸው የደመወዝ ወረቀቶች ጋር በአንድ ማኅደር ያኑሩ።

ደረጃ 11፦ ወደ ሙያ መመለስ

ይህን ቤት እስኪይዙ አያቆዩት፤ ትራንስክሪፕት ብቻውን ወራት ሊወስድ ይችላል። በገቡ በሁለተኛው ወር ማስረጃዎን ወደሚመዝን ድርጅት ያስልኩ። የትኛውን እንደሚቀበሉ ግን አስቀድመው ከሚያመለክቱበት ትምህርት ቤት ወይም የፈቃድ ቦርድ ይጠይቁ፤ አንዱ የሚቀበለውን ሌላው ላይቀበል ይችላልና ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ነርስ ከሆኑ የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ መስፈርት አጥንተው ወደ ነርስነት ፈቃድ ፈተናው፣ ወደ ኤንክሌክስ፣ ያምሩ። ሐኪም ከሆኑ መንገዱ የውጭ ሐኪሞችን ማስረጃ በሚያረጋግጠው ድርጅት (ኢሲኤፍኤምጂ) እና በሕክምና ፈቃድ ፈተናዎቹ (ዩኤስኤምኤልኢ) በኩል ነው፤ ረጅምና ውድ ስለሆነ የዓመታት ዕቅድ ይያዙለት። መምህራንና የሒሳብ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት ኮርሶች ብቻ ይጎድሏቸዋል፤ በማኅበረሰብ ኮሌጅ በርካሽ ይሟላል። ኮሌጁ የአካባቢውን ነዋሪ የሚያስከፍለው ከሌላው በእጅጉ ስለሚያንስ መቼ ነዋሪ እንደሚባሉ በሬጅስትራሩ ያረጋግጡና መጀመሪያ የሚወስዱትን አንድ ኮርስ ለዚያ ሴሚስተር ያስመዝግቡ።